ስታርፍ ስንት ይምታ?

ፈቲያ ልቧ በደቂቃ ሠላሳ ስምንት ጊዜ ብቻ እየመታ መሆኑን የነገራት የቤቷ በር ነው። በሩ ክፉ አይደለም፤ ስትወጣ እንደወትሮው ሰላም አላት፣ ፀሐዩ ስለሚከር ጥላ ያዢ ብሎ መከራት፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ትናንት ሠላሳ ዘጠኝ ነበርሽ» አላት።

«ነገስ?» አለችው።

«በዚሁ ከቀጠለ ሠላሳ ሰባት።»

«መጨረሻውስ?»

«ሠላሳ ሲደርስ ትተኛለሽ፤ አትነሺም» አለና፣ «መልካም ቀን» ብሎ ተከፈተላት።

ፈቲያ ጥላዋን ይዛ በቀጥታ ወደ ለገሃሬ፣ ጓደኛዋ እንጉዳይ ጋ ሄደች። መንገዱ አጭር ነው። ያን ቀን ግን ሦስት ጊዜ ቆማ አረፈች።

እንጉዳይ ከድሮው የባቡር መጠገኛ ግቢ ጥግ ላይ ዕቃ ትጠግናለች። ዘመኑ ሁለት ሺ ሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት ነው፤ ድሬዳዋ ውስጥ ግድግዳ ላይ የሚሰካ ሽቦ ከጠፋ ቆይቷል። መብራት የሚመጣው በአየር ነው። ሰዉም «የአየር መብራት» ይለዋል፤ ምድጃው፣ ተላላኪው ጋሪ፣ ሰው ደረት ውስጥ የተሰፋው ዕቃ ሳይቀር ከአየር ላይ እየጠጣ ይሠራል። የተበላሸ ዕቃ ይጣላል እንጂ የሚያስጠግን ሰው ጥቂት ነው። ለነዚያ ለጥቂቶቹ ግን እንጉዳይ አለች። ከአራተኛ ክፍል ወጥታ ካቻቢቴ ከጨበጠች እነሆ አምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። «እምቢ ያለ ዕቃ አላየሁም፤ እምቢ ያለ ጠጋኝ ነው ያየሁት» ትላለች። ስትናገርም እንደመሳደብ ነው።

«አንቺ፣ ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ?» አለቻት ፈቲያን ገና በሩቅ አይታ።

«ልቤ ሥራ ሊለቅ ነው አቦ። ማስጠንቀቂያም ሰጥቶኛል።»

«ቀልድሽን ተዪና ተቀመጪ።»

ፈቲያ የሰርግ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሠላሳ ዓመት የዘለቀ ጓደኝነት አላቸው፣ የዚያኑ ያህል ጭቅጭቅም። ተቀምጣ ነገሩን አስረዳቻት። የዛሬ አምስት ዓመት ዶክተር ልሳነወርቅ የሚባል የድሬ ሐኪም ከአንገቷ አጥንት ሥር ትርታ ሰጪ ሰፍቶላት ነበር። ትርታ ሰጪ ማለት ባቄላ የምታህል ዕቃ ናት፤ ሥራዋም የደከመ ልብን እየኮረኮሩ ማስመታት ነው። የዛሬ ሦስት ሳምንት የከተማው የአየር መብራት ለቅጽበት ድርግም ብሎ ተመለሰ። ሌላው ዕቃ ሁሉ ምንም አልሆነም። የፈቲያ ትርታ ሰጪ ግን መብራት ለዘላለም የጠፋ መስሏት ደነገጠችና ቁጠባ ገባች፤ ይኸው በየቀኑ አንድ አንድ ምት ትቀንሳለች።

«ሐኪም ቤት ምን አሉሽ?»

«ዕቃዋ ሥጋሽ ውስጥ ሥር ሰዳለች፤ እሷን እንንቀል ብንል ልብሽ አብሮ ይነቀላል አሉኝ። ልብ አድርጊ፣ በጣም በትሕትና ነው ያሉኝ።»

«መላስ?»

መላ በየቤቱና በየመንገዱ ያለች ድምፅ ናት። ሰው የቸገረውን ይጠይቃታል፣ እሷም ትመልሳለች። እንጉዳይ አትወዳትም፤ ቢሆንም ቀና ብላ ጠየቀቻት።

«ከአገልግሎት የወጣ የሕክምና ዕቃን በሚመለከት ምክር እንድሰጥ አልተፈቀደልኝም» አለች መላ ከጣሪያው። «በጣም አዝናለሁ።»

«እዘኚ» አለች እንጉዳይ።

ዶክተር ልሳነወርቅ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ግን ሲኖርም ሞኝ ሰው አልነበረም። «አየር የሚገባበት ልብ ሌባም ይገባበታል» እያለ፣ ትርታ ሰጪዎቹን የሚያዝዘው ከአየር ጋር በማይነጋገር በአንድ ጥንታዊ ኮምፒውተር ነበር። ድሮ ላፕቶፕ ይሉት ነበር፤ ጭን ላይ የሚቀመጥ፣ እንደ መጽሐፍ የሚከፈትና የሚከደን ነገር ነው። እንጉዳይ በዚያው ቀን ወደ ሟቹ ሚስት ወደ እትዬ አፀደ ቤት ሄደች። እትዬ አፀደም በነጠላ የተጠቀለለውን ዕቃ ከሣጥን አውጥተው፣ «እኔን ከዚህ አስበልጦ አያውቅም ነበር፤ ውሰጂው፣ ደግሞም መልሺልኝ» ብለው ሰጧት።

እንጉዳይ ጠረጴዛዋን ጠርጋ ነጠላውን ስትፈታ አንድ ጥቁር ላፕቶፕ ወጣ፤ ማጠፊያው በአንድ በኩል ተሰብሯል። አብሮት በሽቦ የተንጠለጠለ የሻይ ማስቀመጫ ሳህን የሚያህል ክብ ነገር አለ፤ ደረት ላይ ተጣብቆ ከትርታ ሰጪዋ ጋር የሚያነጋግር እሱ ነው። ላፕቶፑን ገለበጠችው። ባትሪው አብጦ ክዳኑን ገፍቶታል።

«እርጉዝ ነው እንዴ?» አለች ፈቲያ።

«ዞር በዪ፣ ይኼ ከተበሳ ይነዳል።»

ባትሪውን በእንጨት ማንኪያ ቀስ አድርጋ ፈንቅላ አወጣችና ግቢ ውስጥ አሸዋ ባልዲ ውስጥ ቀበረችው። ከዚያ ሆዱን ከፈተችው። አሥራ አንድ ብሎን ነው፤ እያንዳንዷን በወጣችበት ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ሰካቻት። ውስጡ አቧራ እንደ ጥጥ ተጋግሯል። ማራገቢያው ሲነኩት አይዞርም፤ ዘይቱ ደርቆ ሙጫ ሆኗል። በፀጉር ብሩሽ ጠረገችው፣ ከፈቲያ የስፌት መኪና ዘይት አንድ ጠብታ ጣል አደረገችበትና በጣቷ ገፋ ስታደርገው ዞረ። ልቧ ደስ አለው። ይኼን ሁሉ ሽቦ፣ ይኼን ሁሉ የመዳብ መስመር አይታ አታውቅም። አንዱ ከአንዱ ጋር የሚገናኝበት መንገድ በዓይን ይታያል። የዘመኑ ዕቃ ቢከፈት ውስጡ አንድ ጥቁር ጠጠር ነው፤ ምኑን ይዘሽ ምኑን ትፈቺዋለሽ? ይኼኛው ግን ሰው እንደሠራው ያስታውቃል።

ማጽዳቱ ሁለት ቀን ፈጀ። ፈቲያ ሠላሳ ስድስት ገባች።

አሁን የቀረው መብራት ነው፤ ችግሩም እሱ ነው። ላፕቶፑ ከአየር መጠጣት አያውቅም። በጎኑ አንዲት ጠባብ ቀዳዳ አለች፤ ከሥሩ አሥራ ዘጠኝ ተኩል ቮልት ይላል። ሽቦ የሌለበት ከተማ ውስጥ ይኼን ከየት ያመጡታል?

እንጉዳይ አንድ ሌሊት አሰበችና ጠዋት ወደ ተላላኪ ጋሪዎች መጣያ ወረደች። ጋሪዎቹ ድንገት የአየር መብራት ቢጠፋባቸው መንገድ ላይ እንዳይቀሩ በሆዳቸው ሁለት ሁለት የባትሪ ድንጋይ ይይዛሉ። አንዱ ድንጋይ አንድ ተኩል ቮልት ይሰጣል። አሥራ ሦስቱን በተርታ ቢቀጥሏቸው አሥራ ዘጠኝ ተኩል! በጣቷ ደጋግማ ደመረችው፤ ልክ ነው። አሥራ አራት ድንጋይ ፈታ አመጣች፣ አንዱ መጠባበቂያ።

ቀጣጥላ በቴስተር ስትለካቸው ግን አሥራ አራት ቮልት እንኳ አልሞሉም። ላፕቶፑ አንዴ ብልጭ ብሎ ጠፋ።

«ሞቷል» አለች ፈቲያ። ሠላሳ አምስት ነበረች፤ ስትናገር በመሃል ትንፋሽ ታጥራት ጀምራለች።

«የደከመና የሞተ አንድ አይደለም።»

የእንጉዳይ አክስት ከድሬ ወጣ ብላ ባለች ቢሻን በሄ በምትባል መንደር ትኖር ነበር። ሬዲዮኗ ድምፁ ሲደክም ድንጋዮቹን አውጥታ እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ ታሰጣቸው ነበር፤ ከዚያ መልሳ ስታስገባቸው ለአንድ ምሽት ዜና ይበቃሉ። እንጉዳይ የጣሪያ ቆርቆሮ ግቢ ውስጥ አነጠፈችና ድንጋዮቹን ደረደረችበት። የድሬ ፀሐይ ደግሞ ይታወቃል፤ አያሾፍም። ሁለት ቀን ሙሉ እየገለባበጠች አሰጣቻቸው።

«እኔንም አብረሽ አስጪኝ» አለች ፈቲያ ከጥላው ሥር።

«አንቺ ከዚህ በላይ ብትደርቂ ማን ይችልሻል?»

በሦስተኛው ቀን፣ ጥቅምት አሥራ ሁለት፣ እኩለ ቀን ላይ ቴስተሩ አሥራ ዘጠኝ ቮልት አሳየ። ፈቲያ ሠላሳ ሁለት ነበረች። ጠረጴዛው አጠገብ ፍራሽ ተነጥፎላት ተጋድማለች፤ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል።

«ስሚ» አለች እንጉዳይ፣ «ይኼ ጉልበት የፀሐይ ብድር ነው። ግማሽ ሰዓት ቢሰጠኝ ነው። በመሃል እንዳታስቂኝ።»

ሽቦውን ቀዳዳዋ ውስጥ አስገብታ ቁልፉን ተጫነች። መጀመሪያ ምንም የለም። ቀጥሎ ማራገቢያው እፍፍ አለ።

«ተነፈሰ!» አለች ፈቲያ።

ስክሪኑ በራ። እንጉዳይ የምታነበው ፊደል በፊደል ነው፤ ነገር ሁሉ በሚናገርበት ከተማ ማን ያነባል? ዶክተሩ ግን ደግ ሰው ነበርና የጻፈው በትልልቅ አማርኛ ነው። «ለረጅም ጊዜ ተኝቼ ነበር። ዛሬ ቀኑ ስንት ነው? ቀኑ ከትርታ ሰጪዋ ቀን ጋር ካልገጠመ አልከፈትም። ሦስት ጊዜ ብቻ ይሞከራል።»

እንጉዳይ ሳህኑን ፈቲያ ደረት ላይ አስቀምጣ፣ በአንድ ጣቷ እየለቀመች ጻፈች፤ 2072፣ ወር 2፣ ቀን 12።

«ስህተት ነው» አለ ስክሪኑ። «ይህች ትርታ ሰጪ የተተከለችው በ2075 ነው። እርስዎ ያሉት ቀን ገና ከመተከሏ በፊት ነው።»

እንጉዳይ ሁለቴ አነበበችው። ከዚያ ጮክ ብላ ለፈቲያ አነበበችላት።

«ይኸውልሽ» አለች ፈቲያ፣ «ገና አልታመምኩም ማለት ነው። ልሂድ።»

«ተኚ! ሐኪም ሲጽፍ መሳሳት ልማዱ ነው። እኔም እዋሸዋለሁ።» እንጉዳይ እልህ ይዟት 2076 ብላ ጻፈች።

«ከትርታ ሰጪዋ ቀን ጋር አይገጥምም። አንድ ጊዜ ብቻ ቀርቷል።»

እጇን ከፊደሎቹ ላይ አነሳች። እልህ የትም እንደማያደርሳት ያወቀችው ምናልባት ያን ጊዜ ነው። ማራገቢያው ይነፋል፣ ድንጋዮቹ ይሟጠጣሉ፤ እሷ ቆማለች።

«ዕቃዋ መቼ ነው የተሰፋችልሽ? በትክክል።»

«ስልሳ ሰባት፣ ጥር። ልጄን በዳርኩ በሳምንቱ። ያን እረሳለሁ?»

«ይኼ ሰባ አምስት ይላል።»

ፈቲያ ዓይኗን ጨፍና ቆየች። እንጉዳይ ተኛች ብላ ደንግጣ ልትነካት ስትል ተናገረች። «አቦ እንጉዳይ... የኛ ረመዳን አንድ ጊዜ በመስከረም ይመጣል፣ ሌላ ጊዜ በጥር ይመጣል። ለምን? ዓመታችን ሌላ ነዋ። እኔ ቤት ሁለት ዓይነት ዓመት አብረው ይኖራሉ፤ ተጣልተውም አያውቁም።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ይኼ ላፕቶፕ የማንን ዓመት ነው የሚቆጥረው?»

እንጉዳይ ላፕቶፑን አየችው። ሥሩ ላይ የሰፈረው ጽሑፍ በሙሉ የፈረንጅ ነው። ልጅ ሆና የሆነ ነገር የሰማች ይመስላታል፤ ግን ቁልፉ እንደጠፋ ሣጥን ነው፣ አልከፈት አላት። ቀና አለች።

«መላ! ስለ ሕክምና ዕቃ አይደለም የምጠይቅሽ። ፈረንጆች ዛሬን ስንት ነው የሚሉት?»

«ሁለት ሺ ሰባ ዘጠኝ፣ አሥረኛው ወር፣ ሃያ ሦስተኛው ቀን» አለች መላ ሳታመነታ።

«ሌላ ዓመት አላቸው?»

«አላቸው። ሁልጊዜም ነበራቸው።»

«እና ለምን አልነገርሽንም?»

«ቀን ሁሉ እንደየሰዉ አቆጣጠር ተለውጦ ነው የሚደርሳችሁ። እንዳትቸገሩ ብዬ ነው» አለች መላ። «በዚህ ከተማ ይኼን የጠየቀኝ ሰው ካጣሁ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖኛል።»

እንጉዳይ ለመሳደብ አፏን ከፈተች፤ ግን ጊዜ አልነበረም። 2079፣ 10፣ 23 ብላ ጻፈች። እያንዳንዱን ቁጥር በጣቷ እየነካች ደግማ ቆጠረችና ተጫነች።

«ገጥሟል» አለ ስክሪኑ። «ትርታ ሰጪዋ ቁጠባ ውስጥ ናት። ላውጣት?»

አውጣት አለችው። አዲስ ገጽ መጣ፤ አንዲት ጥያቄ ብቻ ያለባት። «ስታርፍ በደቂቃ ስንት ይምታ?» ከሥሩ ባዶ ሣጥን፣ ሣጥኑ ውስጥ ብልጭ ድርግም የምትል ቀጭን መስመር። ከዚያ በታች በትንሹ፣ «ደረጃ ስትወጣ ራሷ ትጨምራለች፤ የዕረፍቱን ግን ሰው ይንገራት። ከመጻፍህ በፊት ባለልቧን ጠይቅ» ይላል።

እንጉዳይ ጠበቀች። አንድ ነገር ይነግረኛል፣ ይኼ ይሻልሻል ይለኛል ብላ ነበር። ዕቃ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ይኼኛው ግን ምንም አላለም። መስመሯ ትበራለች፣ ትጠፋለች። ምንም አያውቅም፤ የሚያውቅ ሰው እስኪመጣ ድረስ ደግሞ መጠበቅ ያውቃል።

«በፊት ስንት ነበርሽ?»

«ስልሳ። ግን ሁልጊዜ ይደክመኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ስልሳ ሆነ?»

«ዶክተሩ ጠይቆኝ ነበር እኮ። ስንት ይሁን አለኝ። ‹አንተ ታውቃለህ› አልኩት።» ፈቲያ ወደ ጣሪያው አየች። «ደጋግሞ ጠየቀኝ። እኔም ደጋግሜ አንተ ታውቃለህ አልኩት። በመጨረሻ ተክዞ ጻፈ።»

«አሁን እኔ ነኝ የምጠይቅሽ። እኔ ደግሞ ምንም አላውቅም።»

የስክሪኑ ብርሃን ትንሽ ፈዘዘ። ድንጋዮቹ እየደከሙ ነው።

«አንቺ ስንት ነሽ?» አለች ፈቲያ።

«እኔ?»

«ጤነኛ ነሽ። ጭነት ትሸከሚያለሽ፣ ስትሳደቢ ውለሽ አይደክምሽም። ያንቺን ስጪኝ።»

እንጉዳይ እጇን ሱሪዋ ላይ ጠረገችና ሁለት ጣቶቿን አንጓዋ ላይ አሳረፈች። በገዛ ልቧ ላይ ጣቷን አሳርፋ አታውቅም ነበር። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያየች ደቂቃ ቆጠረች።

«ዘጠና ስድስት።»

«ያ ረቢ! በዚህ ልብ ነው እስከ ዛሬ የኖርሽው? ይኼን ብታስገቢልኝ የድሬን ሙሽራ ሁሉ በአንድ ቀን አለብሳለሁ።»

«ፈርቼ ነዋ! ልትሞቺብኝ እኮ ነው!»

እንጉዳይ ይኼን ቃል እስከዚያች ሰዓት አላወጣችውም ነበር።

«ነዪ» አለች ፈቲያ፣ «ፍራሹ ላይ ተቀመጪ። ይኼ ስታርፍ ነው የሚለው፤ አንቺ ደግሞ እያረፍሽ አይደለም።»

«ጊዜ የለንም።»

«ለአንድ ደቂቃ ይኖረናል። ነዪ።»

ተቀመጠች። ፈቲያም በቀጭን ድምፅ፣ እየቆራረጠች፣ ስለ ልብስ ጠርዝ አወራችላት። ሐር ሲሰፋ እንዴት እንደሚያመልጥ፤ መርፌውን ማስቸኮል እንደማይገባ፤ ጨርቁን መጎተት ሳይሆን መከተል እንደሚያስፈልግ፤ ከዚያ ጠርዙ ራሱ ወዴት እንደሚሄድ እንደሚያሳይ። ታማሚዋ ጤነኛዋን አስታመመች። የእንጉዳይ ትከሻ ቀስ በቀስ ወረደ። ነክሳው የነበረ ጥርሷም ተላቀቀ። ጣቶቿን አንጓዋ ላይ መልሳ፣ ሰዓቱን እያየች፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...

«ሰባ አንድ» አለች በሹክሹክታ፣ እንዳይበረግግ።

«ሰባ አንድ ይሁን። እኔ ነኝ ያልኩት» አለች ፈቲያ። «እኔ ነኝ የመረጥኩት።»

እንጉዳይ ጻፈች። ተጫነች። ስክሪኑ «ተቀብላለች» አለና ብርሃኑ ወደ አንድ ነጥብ ተሰብስቦ ጠፋ። ማራገቢያውም ቆመ።

ፈቲያ ሳህኑን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች ቆየች። መጀመሪያ ጆሮዋ ሞቀ። ቀጥሎ ከንፈሯ መልክ አወጣ። «ወላሂ» አለች ብቻ፤ ቀልድ አልመጣላትም።

በሳምንቱ አንድ ሰውዬ ምድጃ ተሸክሞ መጣ። እንጉዳይ ገና ስትከፍተው፣ «ይኼን ከምትጠግኚ አዲስ ብገዛ ይሻላል ይመስለኛል» አላት። ከዚህ ወዲያ ማን ይችላታል! እንጉዳይ ካቻቢቴዋን ወርውራ ስለ አባቱ፣ ስለ ምድጃው አባትና የተሠራን ነገር ስለሚንቅ ትውልድ ሁሉ ጮኸችበት። ሰውዬው ምድጃውን ጥሎ ሸሸ።

ፈቲያ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ነጭ ሐር ትሰፋ ነበር። ከሥራዋ ቀና አላለችም።

«ጩኺ፣ ጩኺ» አለች ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። «የረጋችዋ እንጉዳይ እኔ ጋ ናት።»

እንጉዳይ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እስቲ እጅሽን ስጪኝ» አለቻት።

ፈቲያ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክታ እጇን ዘረጋችላት። እንጉዳይ ሁለት ጣቶቿን የጓደኛዋ አንጓ ላይ አሳርፋ፣ ያቺን አንዲት ደቂቃ መቁጠር ጀመረች።